እጅ የሚሸተትበት በር

ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ የእግረኛው መንገድ ዳር፣ ለውዝ ቆልታ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። የኔ ጥርስ ለለውዝ የሚሆን አይደለም፤ የምገዛው ለልጅ ልጄ ለሶስና ነው። ትኩሱን ጥቅል ካፖርቴ ኪስ ከትቼ፣ እጄን እያሞቅሁበት ወደ ቤቴ አዘግማለሁ። ከቅዳሴ መልስ ልማዴ ይህ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድም እንዲሁ ገዛሁና አንድ ሁለት ፍሬ ለራሴ ላወጣ ጥቅሉን ፈታ ባደርገው ዐይኔ ማህተም ላይ ዐረፈ። ክብ ማህተም ነው፤ ሐምራዊ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። ልጅ ሆኜ የተማርኩበት፣ ዛሬ ደግሞ ሶስና የምትማርበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ማህተም ነበር።

እግሬ ወደ ሴትየዋ መለሰኝ።

“ልጄ፣ ይህን ወረቀት ከየት አመጣሽው?”

“ምነው አባባ፣ ለውዙ ጥሬ ሆነብዎ?”

“ለውዙስ ደህና ነው። ወረቀቱን ነው የምጠይቅሽ።”

“ከመርካቶ ነዋ። በኪሎ ነው የምንገዛው። የመጽሐፍ ወረቀት ይሻላል፤ ጋዜጣ ቀለሙ ይለቅና ለውዙን ያጠቁረዋል።” ፈገግ ብላም፣ “ካልወደዱት ልቀይርልዎ፤ የሒሳብም አለኝ” አለችኝ።

እሷ ምን ታድርግ፤ ያገኘችውን ገዝታ ትጠቀልልበታለች። እኔ ግን ተናደድሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ “አንተ እኮ ጉንዳን ቢነክስህ ጉንዳኑን ይቅርታ የምትጠይቅ ሰው ነህ” ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ቁጣ የኔ ጠባይ አይደለም። የዚያን ዕለት ግን ከጊዮርጊስ እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን እየተሟገትሁ ሄድኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ይኸው እስካሁንም አልበረደልኝም፤ ይህንንም የምጽፈው ሳይበርድልኝ ነው።

ልጅ እያለሁ በዚያ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እጅ ይሸተት ነበር። የኔ እኩዮች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። የመጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ይቀመጣሉ። መግባት የፈለገ ሁለት እጁን ይዘረጋል። መዳፉን ያዩታል፣ ገልብጠው ጀርባውን ያዩታል፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። ከግቢው በር ውጭ ፓስቲ የሚጠብሱ ሴት ስለነበሩ አብዛኞቻችን እዚያው እንያዛለን። “ፓስቲ!” ይላሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩም። በጣታቸው ወደ ቧንቧው ያሳዩናል። ታጥበን፣ በቁምጣችን አድርቀን፣ ከሰልፉ ጭራ እንደገና እንጀምራለን። አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ራሳቸው፣ ከነከረባታቸው፣ “ቅቤ!” ተብለው ወደ ቧንቧው ሲመለሱ አይተን፣ የሳቅነውን ሳቅ ዛሬም ጎኔ ያስታውሰዋል። ቁርሳቸው ጨጨብሳ ነበር መሰለኝ። ሰውዬው ታጥበው መጡና እንደኛው እጃቸውን ዘረጉ።

“ልብስ ዘይት ቢነካው ይታጠባል” ይሉን ነበር ወይዘሮ አስካለ። “ሰውም ቢታመም ይድናል። ወረቀት ግን ዘይት ከጠጣ አበቃለት፤ እኔም ላድነው አልችልም።”

ውስጡ ምን ነበር ብትሉኝ፣ አንድ ክፍል ነው። ወለሉ ሰም የተቀባ ጣውላ፣ ስንረግጠው ሲጥ ሲጥ የሚል። መስኮቱ ወደ መንገዱ ያያል፤ የጋሪ ደወልና የመኪና ጥሩምባ ከታች ይሰማል። ሙጫና አሮጌ ወረቀት፣ ካኪ ሽፋንና ሰም አንድ ላይ ይሸታል። በመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የመምህራን ነበር። ነገ የሚያስተምሩትን ዛሬ እዚያ ተቀምጠው ያነባሉ። አንዱ አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ሌላው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንዳንዱም ያነበበው ሳይገባው ቀርቶ ፊቱን አጨማዶ። መምህርም የሚማር ሰው መሆኑን ያየሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የወንዙ ነገር ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ወንዝ ያኔ መጫወቻችን ነበር። የክብሪት ቀፎ መርከብ አድርገን እንለቅበትና ከዐይናችን እስኪጠፋ በዳሩ እንሮጣለን። ታዲያ የት ነው የሚደርሰው? ጓደኛዬ ተሾመ፣ “ምጽዋ” ይላል። አጎቱ ባሕር ኃይል ስለነበር የዓለም ውሃ ሁሉ ምጽዋ የሚሄድ ይመስለዋል።

“አንተ ፋራ፣ ዐባይ ነው የሚገባው” አልኩት።

“ዐባይን አይተኸው ታውቃለህ?”

“አንተስ ምጽዋን አይተሃታል?”

በዚህ ተጣላን፤ በብይም ተወራረድን። ክርክሩ ክፍል ድረስ ተከትሎን ገባና ተሾመ እጁን አውጥቶ መምህር ጌታነህን ጠየቃቸው። መምህር ጌታነህ ጂኦግራፊ አስተማሪያችን ናቸው፤ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ጥያቄውን ሰምተው ጠመኔውን አስቀመጡና፣ “አላውቅም” አሉ።

በዚያ ዘመን መምህር “አላውቅም” ሲል ሰምተን አናውቅም ነበር። ያላወቀ መምህር ጠያቂውን ነው የሚገርፈው። ተሾመ መዳፉን ለአለንጋ አዘጋጅቶ ጠበቀ። እሳቸው ግን፣ “ኑ፣ እንየው” ብለው በሩን ከፈቱ።

ያን ሁሉ ልጅ አስከትለው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰዱን። ተሰልፈን እጃችንን ዘረጋን። እሳቸውም ዘረጉ። ወይዘሮ አስካለ አሸተቱና፣ “ጠመኔ!” አሏቸው። ጌታነህ ቧንቧ ሄደው ታጥበው መጡ።

አንድ ትልቅ የካርታ መጽሐፍ ነበር፤ አንድ ልጅ ብቻውን የማያነሣው። ወይዘሮ አስካለ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መምህሩ በጣታቸው ፈለጉ፣ ጠፋቸው፣ ገጽ ገለጡ፣ ሌላ መጽሐፍ አስጨመሩ፣ እንደገና ፈለጉ። እኛም ዙሪያቸውን ተደርድረን ትንፋሻችንን ውጠን ቆየን። በመጨረሻ አገኙት። የኛ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አዋሽ ይገባል። “እያንዳንዳችሁ በጣታችሁ ተከተሉት” አሉን። እኔም ተራዬ ደርሶ ጣቴን ሰማያዊው መስመር ላይ አሳረፍሁ። መስመሩ እየወፈረ ሄደ፣ ተጠማዘዘ፣ ቢጫው በረሃ ውስጥ ገባና አንድ ሐይቅ ላይ ቆመ። አለቀ። ባሕር አልደረሰም።

“ቲቸር፣ ካርታው ተሳስቶ እንዳይሆን?” አለ ተሾመ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

“ይሆናል። ሌላ እንይ” አሉና ሁለተኛ መጽሐፍ ከፈቱለት። ያም እንደዚያው አለ። ብዩን ማንም አልበላም፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ድልድዩን በተሻገርሁ ቁጥር ያንን ውሃ እስከ በረሃው ድረስ አየው ነበር። እጃችን ለምን እንደሚታጠብም ያን ቀን ገባኝ። ለዚያች ጣት ነው።

ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። አባቴ ሲታመሙ ሠራተኛ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቼ ሙያ ያዝሁ፤ እስከ እርጅናዬም በሱሪና በኮት ነው የኖርኩት። ወይዘሮ አስካለ ግን ተማሪ አይደለህም ብለው አልዘጉብኝም። ከሥራ ወጥቼ አመሻሽ ላይ ብቅ ስል እጄን ይዘው፣ “የስፌት መኪና ዘይት!” ይሉና በሎሚ ታጥቤ እንድመጣ ያደርጉኛል። ታጥቤ እመጣለሁ። እንዲያ እንዲያ እያልሁ ነው ማንበብ ሳልረሳ የቀረሁት። ይህን ጽሑፍም በእጄ የምጽፈው ከዚያ ባገኘሁት ነው፤ ሌላ ያስተማረኝ የለም።

እንግዲህ ማህተሙን ይዤ ቤት ስገባ ሶስናን ጠየቅኋት።

“ላይብረሪ ትገባላችሁ?”

“ተቆልፏል እኮ አባባ። የተሰባበረ ወንበር ነው ያለበት።”

“ታዲያ ቲቸር የማታውቀውን ስትጠይቋት ምን ትላችኋለች?”

“ስልካችሁ ላይ ፈልጉ።”

“ስልክ ይዞ መግባት ተከልክሎ የለም እንዴ?”

“አዎ፤ ሲያዩብን ይቀሙናል” አለችና ለውዟን መፈልፈል ቀጠለች። እሷን ምንም አልገረማትም። የተናደድሁት አለመገረሟ ነው። ከድልድዩ ሥር ያለው ወንዝ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና፣ “ወደ ቱቦ መሰለኝ” አለች።

በማግሥቱ ካፖርቴን ለብሼ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። አንቱ ብዬ ነው የጀመርሁት፤ ብዙም ሳልቆይ አንተ ውስጥ ገባሁ።

“አባታችን፣ እነዚያ መጻሕፍት እኮ ያረጁ ናቸው” አለኝ። “በደንቡ መሠረት ነው የተወገዱት።”

“እኔም አርጅቻለሁ።”

“ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም…”

“እኔን ታዲያ መቼ ነው በኪሎ የምትሸጡኝ?”

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። ክፍሉ መንገድ ዳር ስለሆነ በመስኮቱ በኩል በር ይወጣለትና ለሱቅ ይከራያል። ሞባይል የሚሸጥ ነጋዴ ጠይቋል። የቀሩት መጻሕፍትም ለቦታው ሲባል ይነሣሉ።

“ኪራዩ ለምን ይውላል?”

“ለትምህርት ጥራት።”

ፊቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ሱሪ ሰፍቼ እግሩ አንሶ ሲመለስልኝ፣ “እግርዎ ነው የረዘመው” ያልሁት ደንበኛ የለም። ይህ ልጅ ግን እንደዚያ ነው ያለኝ።

“ተወስኗል?” አልኩት።

“የወላጆች ስብሰባ ካጸደቀው ነው። ቅዳሜ ነው ስብሰባው።”

ክፍሉን ልየው አልኩ። ቁልፉ ያለው የሶስና ጂኦግራፊ አስተማሪ ጋ ነበርና ተጠራች። ሕይወት ትባላለች፤ የልጅ ልጄ ታላቅ እህት የምትመስል ልጅ ናት። ቁልፉን ለምን እንደያዘችው ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “በምሳ ሰዓት ገብቼ አነባለሁ አባባ” አለችኝ። “የማስተምረውን የማይበት ሌላ ቦታ የለኝም። ስድስት ኪሎ ሄጄ ከራሴ ኪስ ፎቶ ኮፒ አስነሣለሁ፤ እሱም ሁልጊዜ አይሆንም። ለልጆቹ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ የምለው አፍሬ ነው፤ ሌላ የምላቸው ስለሌለኝ።” ይህን ስትል ዳይሬክተሩ ሰምቷታል። ልጆቹ ክፍሉን ገብተው አይተውት ስለማያውቁ ላምጣቸው ብላ ጠየቀችው። እኔ ፊቱ ተገትሬ እምቢ ማለት አልሆነለትም።

የሶስና ክፍል ተሰልፎ መጣ። እኔ ደግሞ ሳላስበው በሩ ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቻለሁ።

“አባባ፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት?” አለኝ ግንባር ላይ ያለው ልጅ።

“እጅህን።”

ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። “ቺፕስ!” አልኩ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሶስና በኀፍረት ፊቷን ሸፈነች። ወደ ቧንቧው ላክኋቸው፤ ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። በያዙት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ተራ በተራ እየተንጠባጠበላቸው ታጠቡ። አንዳቸውም አላጉረመረሙም። እንዲያውም አንዷ ልጅ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ታጠበች፤ ማሸተቱን ወዳው ይሆናል።

ውስጥ ገባን። ጣውላው ያው ሲጥ ይላል። ሰሙ ግን የለም። ወንበር በወንበር ላይ ተከምሯል። ከመደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። ለልጆቹ የወንዙን ነገር አጫወትኋቸውና፣ “ኑ፣ እንየው” ብዬ፣ የካርታው መጽሐፍ ይቀመጥበት ወደነበረው ጥግ ሄድኩ። የለም። ሕይወት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ወፍራሞቹ ናቸው መጀመሪያ የሄዱት አባባ” አለችኝ። በኪሎ ነዋ የሚሸጠው። የከበደው ቀደመ። የቀሩት ስስ ስሶቹ ናቸው።

እንግዲህ በቃሌ ነገርኋቸው። አቃቂን አልኩ፣ አዋሽን አልኩ፣ በረሃውን አልኩ፣ እዚያ አንድ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል አልኩ።

“ሐይቁ ማን ይባላል?” አለች ሶስና።

አፌን ከፈትሁ፤ ስሙ አልመጣልኝም። ጣቴ ያስታውሰዋል፤ ምላሴ ግን ረስቶታል። ወደ ሕይወት ዞርኩ። “አላውቅም” አለች፤ ልክ እንደ መምህር ጌታነህ፣ ሳትደብቅ። ከዚያ ግን “ኑ፣ እንየው” የምትልበት ቦታ አልነበራትም። ቆመናል እኮ እዚያው ቦታ ላይ! ስልኳን አውጥታ ወደ መስኮቱም ወደ በሩም አለች፤ በዚያ ወፍራም ግንብ ውስጥ ኔትወርክ አይገባም። ልጆቹ ንጹሕ እጃቸውን እንደያዙ ጠበቁ። የታጠበ እጅ ይዘው፣ የሚነኩት ነገር አጥተው።

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ነበር። ሁሉን አይቷል።

ማታ ልጄ የሐይቁን ስም በስልኩ ወዲያው አገኘው። “አቤ ሐይቅ ነው አባዬ” አለኝና ስልኩን ኪሱ ከተተው፤ አለቀ። ለሶስና ነገርኋት፤ “እሺ” አለች። በቃ። ስልክን አልጠላም፤ የልጆቼን ድምፅ የምሰማበት ነው። ግን እኔ ያን ሐይቅ የያዝሁት ስሙ ስለተነገረኝ አልነበረም። ስሙንማ ረስቼዋለሁ። የያዝሁት መምህሬ አላውቅም ሲሉ ስላየሁ ነው፤ ሲፈልጉ፣ ሲጠፋቸው፣ ሲያገኙ አብሬያቸው ስለቆምሁ ነው። ያ ክፍል ለዚህ ነበር። ለሞባይል ሱቅ የሚሆን ቦታ ፒያሳ ላይ ጠፍቶ ነው?

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርሁ። ሰብሳቢው፣ “አባታችን ያጠቃልሉ” አለኝ፤ አላጠቃለልሁም። ወላጁ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ፣ “ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ በድጋሚ ታይቶ ይፈረማል” ተባለና ተበተንን። ስሙልኝ፤ “ይወሰናል” አላለም፤ “ይፈረማል” ነው ያለው። እስከዚያው ቁልፉ ሕይወት ጋ ነው። በምሳ ሰዓት ልጆቹም አብረዋት መግባት ጀምረዋል አሉ። ያነባሉ፣ ወንበሩን ወደ ጥግ ይገፋሉ።

እኔም በቀደም ያንን የለውዝ ገጽ ወደ ቤቱ ልመልሰው ብዬ ይዤው ሄጄ ነበር። እንዲያው ከነማህተሙ በአንድ መጽሐፍ መሐል ላኖረው። በሩ ላይ ስደርስ አወጣሁትና ወደ ብርሃኑ ያዝሁት። የለውዙ ዘይት ከጥግ እስከ ጥግ ጠጥቶት ብርሃን ያሳልፋል። ወይዘሮ አስካለ ቢኖሩ አያስገቡትም ነበር። እኔም አላስገባሁትም። አጥፌ ወደ ኪሴ መለስሁት።

ያኔ በዚያ በር የሚገባ ሁሉ፣ ከፓስቲ በሊታው ልጅ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ፣ እጁ ይሸተት ነበር። መጻሕፍቱ በዚያው በር ተጭነው ሲወጡ ግን የጫናቸውን እጅ ያሸተተ የለም። ስለዚህ ቆርጫለሁ። ስብሰባው ሲደገም ከሁሉ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ ከቤቴ ወንበር ይዤ በስብሰባው በር ላይ እቀመጣለሁ። ሊፈርም የሚመጣ ሁሉ ሁለት እጁን ይዘርጋልኝ።